በመኪና የተገጨ ሰው ካሣውን የሚያሳጡት ስህተቶች

አንደኛውና ትልቁ ስህተት እዚያው አስፋልት ላይ መታረቅ ነው። ሜክሲኮም ሆነ ፒያሳ ሰው ሲገጭ የሚሆነው ያው ነው። ሹፌሩ ይደነግጣል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ ትልቅ ሰው «ልጁን አታሳስሩት፣ ያሳክምዎታል» ይላል። ተጎጂው ግን ጉዳቱን ገና አላወቀውም። የጭንቅላት ምት ቀናት ቆይቶ ሊብስ ይችላል። የማሳከሚያ ገንዘብ ቢሰጡዎት ይቀበሉ። «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ግን በፍጹም አይፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል።

ሁለተኛው፣ ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መበተን። ነፍስ ማዳን ይቀድማል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዚያ ለፖሊስ 991 ይደወል። ፖሊሱ የሚያነሳው የአደጋ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ከሌለ፣ በኋላ የቃል ክርክር ብቻ ይቀራል። የሰሌዳ ቁጥርና የምስክሮች ስልክ ይያዝ።

ወጌሻ ጋ ብቻ መሄድም ብዙ ሰው ጎድቷል። ወጌሻ ለፍርድ ቤት የሚሆን የሕክምና ማስረጃ አይሰጥም። ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ የራጁንም የመድኃኒቱንም ደረሰኝ በስምዎ ይያዙ። ቋሚ ጉዳት ከቀረ የሐኪሞች ቦርድ መጠኑን በመቶኛ እንዲወስን ይጠይቁ። ወደፊት ለሚያጡት ገቢ ካሣው የሚሰላው በዚያ ነው።

ሹፌሩን ብቻ መክሰስ ሌላው ስህተት ነው። ብዙ ጊዜ ሹፌሩ የሚከፍለው የለውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 ግን የመኪናውን ባለንብረት ተጠያቂ ያደርገዋል፣ ራሱ ባይነዳም እንኳ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ በአዋጅ እስከተወሰነው ጣሪያ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ያለው በባለንብረቱ ላይ ይቀራል። ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ መኪና ከሆነ ደግሞ ካሣ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ።

«ዜብራ ላይ አልነበርኩም» ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ጥፋቱ በከፊል የእርስዎ ከሆነ ካሣው ይቀነሳል እንጂ መብትዎ አይጠፋም።

የወንጀሉ ፍርድ እስኪያልቅ ብሎ መቀመጥ ደግሞ ጊዜ ይበላል። የካሣ ክስ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) በዚሁ ሕግ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ድርጊቱ ረዘም ያለ የወንጀል ይርጋ ካለው እሱ ሊሠራ ይችላል፣ ግን በእሱ አይተማመኑ። የዳኝነት መክፈያ የለኝም ብለውም አይቅሩ። ከወረዳዎ የድህነት ማስረጃ ይዘው ያለ ክፍያ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ።