ጥያቄው ተደብቆ አንቀጹ ሲታይ፦ ችግሩ የተፈታበት መንገድ

በውል ቅጽ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ላይ «ውሉ ዋስ አለው?» ለሚለው ጥያቄ «የለውም» የሚል መልስ ሲሰጥ፣ የዋሱን ስምና አድራሻ የሚጠይቁት ተከታይ ጥያቄዎች እንደታሰበው ይደበቁ ነበር፤ በሚወጣው ሰነድ ላይ ግን የዋስትናው አንቀጽ የስሙ ቦታ ባዶ እንደሆነ ይታያል።

በመጀመሪያ ጥያቄዎቹን ሰርዤ እንደገና ፈጠርኋቸው፤ ቀጥሎም መልሳቸው አስገዳጅ እንዳይሆን አደረግሁ። ለውጥ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ የተረዳሁት፣ ጥያቄን የሚደብቀው ሁኔታ («መልሱ ይህ ከሆነ ደብቅ» የሚለው ደንብ) የሚሠራው በመጠይቁ ላይ ብቻ መሆኑንና ሰነዱ የሚወጣበት የዎርድ ቅጽ የራሱ ሁኔታ ካልተጻፈለት በስተቀር አንቀጹን ከሰነዱ እንደማያወጣው ነው።

ስለዚህ አንቀጹን ከነርዕሱ «ዋስ ካለ» በሚል የሁኔታ መክፈቻና መዝጊያ ምልክት መካከል አስገባሁት፤ ምልክቶቹንም እያንዳንዳቸውን በራሳቸው መስመር አስቀመጥሁ። ይህ ከተደረገ በኋላ አንቀጹ «አለው» ሲባልም ጠፋ፤ ምክንያቱም ሁኔታው መልሱን በስክሪን ላይ ከሚታየው «አለው» ከሚለው ቃል ጋር ሲያነጻጽር፣ ሶፍትዌሩ የሚያስቀምጠው እሴት ግን «እውነት» ወይም «ሐሰት» ነበር። ንጽጽሩን ከተቀመጠው እሴት ጋር ሳደርገው ሠራ።

ሲሞከር መጀመሪያ «አለው» ብሎ ስም ሞልቶ፣ ከዚያ ወደ «የለውም» መመለስ ያስፈልጋል፤ የተደበቀ ጥያቄ የቀድሞ መልሱን ይዞ ሊቆይ ይችላልና።