ሞላ ያለው የኮርቻ ዘንግ፦ ወገባችሁን የሚያሳርፈውን እንዴት ትመርጣላችሁ?

ኮረኮንች መንገድ ላይ ሃርድቴይል፣ ማለትም አሞርዛተሩ ከፊት ብቻ የሆነ ብስክሌት፣ የነዳ ሰው የምለው ይገባዋል። የፊቱ አሞርዛተር እጃችሁን ያሳርፋል። ከኋላ የሚመጣውን ግን የሚያቆመው ነገር የለም፤ ከጎማ ወደ ፍሬም፣ ከፍሬም ወደ ኮርቻ፣ ከኮርቻ ቀጥታ ወደ ወገብ ነው። እኔ ሃርድቴይል እወዳለሁ። ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ነገር አይበዛበትም፣ ዳገት ላይ ጉልበት አያባክንም። ግን ሁለት ሰዓት ነድቼ ስወርድ ወገቤን ይዤ ቀጥ ለማለት ጊዜ ይወስድብኝ ስለነበር አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ያደረግኩት ተራውን የኮርቻ ዘንግ አውጥቼ ሞላ ያለው መግጠም ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት አልሆነልኝም። ሰባት ወር ያህል ተቀምጬበታለሁ፣ ለውጡ ግን ጠብ አይልም። ዘንጉ ጥሩ ነበር፣ ችግሩ ውስጡ የነበረው ሞላ ከእኔ በጣም ለሚከብድ ሰው የተሠራ መሆኑ ነው። ሲሸጥልኝ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፦ ከስሙም፣ ከሚወርድበት ርቀትም በፊት የምትጠይቁት ሞላው ከክብደታችሁ ጋር ይስማማል ወይ የሚለውን ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጎማችሁን እዩ። ብዙ ሰው ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል ይነፋና ብስክሌቱ አንጠረጠረኝ ይላል። ጎማው ጎን ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውና ከፍተኛው የንፋስ ልክ ተጽፏል። ከላይኛው አጠገብ ከሆናችሁ ትንሽ ትንሽ እየቀነሳችሁ ያንኑ መንገድ ደጋግማችሁ ንዱት። ፍሬሙ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ሰፋ ያለ ጎማ ግጠሙ። የመንገዱን ጥቃቅን ንዝረት ከማንም በላይ የሚውጠው ጎማ ነው። ኮርቻውም ለመቀመጫ አጥንታችሁ ጠባብ ከሆነ ወይም አፍንጫው ወደ ላይ ካለ የትኛውም ሞላ አያድናችሁም። እነዚህን አስተካክላችሁም ወገባችሁ ካልተመለሰ፣ እንግዲህ ወደ ዘንጉ እንሂድ።

ዘንጉ ምን እንደማይሠራም ማወቅ ጥሩ ነው። የሚሠራው ስትቀመጡ ብቻ ነው። ብድግ ስትሉ እንደሌለ ቁጠሩት። የኋላውን ጎማ መሬት ላይ አያስይዘውም፣ ብስክሌቱ ስራችሁ እንደ ድሮው መንጠሩን ይቀጥላል፤ የሚያርፈው እናንተ ናችሁ እንጂ ብስክሌቱ አይደለም። ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ቆመው የሚወርዱ ሰዎች ብዙም አይጠቀሙበትም። ተቀምጠው ረጅም ርቀት ለሚሄዱ፣ ለጠጠር መንገድ፣ በየቀኑ ለሚመላለሱ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይዘው እምብዛም ብድግ ለማይሉ ሰዎች ግን ቀናቸውን ይለውጠዋል።

አሁን ሜትርና ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያዙ። የድሮውን ዘንግ ንቀሉና የታችኛውን ክፍል እዩ፣ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ተቀርጾበታል። 27.2፣ 30.9 እና 31.6 ሚሊሜትር በብዛት የምታገኟቸው ናቸው፣ ሌላም አለ። ቁጥሩ ከጠፋ በካሊፐር ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ። 30.9 እና 31.6 ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ዓይን አይለያቸውም፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ዘንጉ ከፍሬሙ ቀዳዳ ከቀጠነ ለዚሁ የተሠራ የማጥበቢያ ቱቦ ይሸጣል፤ 27.2 ዘንግን 30.9 ወይም 31.6 ፍሬም ውስጥ በዚህ መንገድ መግጠም የተለመደ ነው። የጣሳ ቆርቆሮ ቆርጦ መጠቅለል ግን ይቅርባችሁ። ዘንጉ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ፍሬሙንም ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሁለተኛው ልኬት ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ኮርቻችሁ በትክክለኛ ከፍታው ላይ እያለ፣ ዘንጉ ከፍሬሙ ከሚወጣበት ማሰሪያ ቀለበት ጀምራችሁ ከኮርቻው ስር እስካሉት ሁለት ሽቦዎች ድረስ ለኩ። ሞላ ያለው ዘንግ ራሱ ረዘም ያለ ስለሆነ እዚያ ቦታ ይፈልጋል። አጭሩ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ይወስዳል፣ ብዙ የሚወርደው ደግሞ እስከ 15 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ያላችሁ 8 ሴንቲሜትር ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሎ እግራችሁ ፔዳል ላይ አይደርስም ማለት ነው። አጭር ሰዎችና ትልቅ ፍሬም የያዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በአምራቹ ገጽ ላይ ይሄ ቁጥር ይገኛል፣ ሳታዩት አትዘዙ። በተቃራኒው ረጅም ከሆናችሁ ደግሞ ዘንጉ ላይ የተሠመረው የመጨረሻ መስመር ከፍሬሙ ወጥቶ እንዳይታይ። የኮርቻችሁ ሽቦዎች ካርቦን ከሆኑ ብዙ ጊዜ ክብ ሳይሆኑ ሞላላ ናቸው፣ መያዣው እንደሚቀበላቸው አረጋግጡ።

ዓይነቱን በተመለከተ ሦስት ናቸው ብላችሁ ያዙ።

አንደኛው እንደ ሬዲዮ አንቴና ቱቦ ውስጥ ቱቦ የሚገባበት ነው። ውስጡ ሞላ አለ፣ አንዳንዱ ላይ ላስቲክ። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል፣ ከውጭ ሲታይም ተራ ዘንግ ይመስላል። ደካማ ጎኑ ቀጥታ በዘንጉ መስመር ወደ ታች መውረዱ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ በኮርቻውና በፔዳሉ መካከል ያለው ርቀት ያጥራል፣ እግራችሁም ይሄን ያውቀዋል። ሌላው፣ ሁለቱ ቱቦዎች ከጊዜ በኋላ ይላላሉ። ኮርቻውን አፍንጫው ላይ ይዛችሁ ግራ ቀኝ ጠምዝዙት። አዲስም ሆኖ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ተቀምጣችሁ አይሰማችሁም። ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለው ግን እኔ አልወስደውም።

ሁለተኛው ማጠፊያ ያለው ነው። ከኮርቻው ስር አራት መጋጠሚያ ያለው እጅ አለ፣ ጉድጓድ ስትመቱ ኮርቻው ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይሄዳል። ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ከኋላ የሚመጣ ምት የሚገፋችሁ ወደ ላይና ወደ ፊት ስለሆነ፣ ኮርቻው ወደ ኋላ ሲሸሽ ምቱን አብሮ ይሄደዋል። ከፔዳሉ ያለው ርቀትም ብዙ አይለወጥም። ኬን ክሪክ የሚሠራው ተድባስተር ከዚህ ዓይነት በጣም የታወቀው ነው፣ በላስቲክ ይሠራል፣ አጭሩ 50 ሚሊሜትር ረጅሙ 90 ሚሊሜትር ይወርዳል። ኤስአር ሰንቱር ኤንሲኤክስም 50 ሚሊሜትር የሚወርድ ሆኖ ሞላው ይለወጣል። ሬድሺፍት ሾክስቶፕ 35 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚወርደው፣ ግን ለጠጠር መንገድና ለረጅም ጉዞ ይሄም ይበቃል። በጀቱ ካላችሁ የእኔ ምርጫ ከዚህ ክፍል ነው፣ አሁን ብስክሌቴ ላይ ያለውም ይሄው ዓይነት ነው።

ሦስተኛው ምንም ሞላ የለውም፣ ካርቦኑ ራሱ እንዲለመጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቀላል ነው፣ ጥገና አይፈልግም። ንዝረትን ይቀንሳል፣ ጉድጓድ ግን አይውጥም። ለአስፋልትና ለደህና ጠጠር መንገድ ነው፣ ለተቦረቦረ መንገድ አልመክረውም።

ብዙ የሚወርደው ሁሉ የተሻለ አይደለም። ለአብዛኛው ሰው ከ35 እስከ 50 ሚሊሜትር ይበቃል። ሰማንያና ዘጠና የሚወርደው ለሸካራ ተራራ መንገድ ነው፣ ለዚያውም ቦታው ካላችሁ። ክብደቱንም አስቡት፤ ተራ የአልሙኒየም ዘንግ ብዙ ጊዜ ከ300 ግራም በታች ሲሆን ሞላ ያለው ከ450 እስከ 800 ግራም ይመዝናል። እኔን አላስጨነቀኝም። እሽቅድምድም የምትወዳደሩ ከሆነ ግን ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ሞላው። ራሳችሁን የምትመዝኑት ጫማችሁን አድርጋችሁ፣ ቦርሳችሁን በውሃና በመሣሪያ ሞልታችሁ ተሸክማችሁ ነው። በዚያ ክብደት የአምራቹን ሰንጠረዥ እዩና የትኛው ሞላ ወይም የትኛው ላስቲክ ለእናንተ እንደሚሆን ለዩ። ከዚያ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዘንጉ የሚመጣው ከየትኛው ጋር ነው? ሌላው ለብቻው ይገኛል ወይ? መለዋወጫ የሌለውን ዘንግ ቢረክስም አትግዙ። ዘንጉ የሚሸከመው የመጨረሻ ክብደትም ተጽፏል፣ እሱን አትለፉ።

በሁለት ልክ መካከል ከወደቃችሁ፣ ቶሎ ቶሎ የምትረግጡ ከሆነ ጠንከር ያለውን፣ ረጋ ብላችሁ የምትነዱ ከሆነ ለስለስ ያለውን ውሰዱ። ለስላሳ ሞላ ቶሎ በሚረግጥ ሰው ስር እንደ ፍራሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያ ደግሞ ከኮረኮንቹ በላይ ያደክማል።

ከገጠማችሁ በኋላ ልኩን እንዲህ ታረጋግጣላችሁ። ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፉ። አንድ ሰው ከኮርቻው ሽቦ እስከ ማሰሪያው ቀለበት ያለውን ርቀት ባዶውን ይለካላችሁ። ከዚያ በቀስታ ውጡ፣ አትዝለሉበት፣ ሁለቱንም እግር ፔዳል ላይ አድርጋችሁ እንደምትነዱት ተቀመጡ። እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ዘንጉ በጠቅላላ ከሚወርድበት ርቀት አንድ አምስተኛ አካባቢ ከሆነ ጥሩ መነሻ ነው፤ 50 ሚሊሜትር ለሚወርድ ዘንግ 10 ሚሊሜትር ማለት ነው። የእኔ የመጀመሪያው ዘንግ ላይ ስለካው ሁለት ሚሊሜትር እንኳን አልሞላም ነበር። ያኔ ነው ለሰባት ወር ምን ላይ እንደተቀመጥኩ የገባኝ። እንደ አንቴና የሚገባው ዓይነት ላይ ደግሞ ብቻችሁን መለካት ትችላላችሁ፤ የሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ወደ ታች ግፉት፣ ተቀምጣችሁ በቀስታ ስትወርዱ ማሰሪያው ከስር ካለው ጠርዝ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደቀረ ታያላችሁ።

ልኩ ትንሽ ከሳተ ማጥበቂያው አለ። እንደ አንቴና በሚገባው ላይ ብዙ ጊዜ ከዘንጉ ስር ያለ ትልቅ ብሎን ነው። ስታጠብቁት ዘንጉ ዘግይቶ መውረድ ይጀምራል፣ ስታላሉት ቶሎ። የሞላውን ጥንካሬ ግን አይለውጠውም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁም ብዙ የሚወርድ ከሆነ ሞላውን ለውጡ። ስታላሉ ደግሞ ብሎኑ ከዘንጉ ጠርዝ ወጥቶ መታየት የለበትም፣ ያኔ በቂ ጥርስ አልያዘም ማለት ነው።

ከፍታውን አትርሱ። ስትቀመጡ 10 ሚሊሜትር የሚወርድ ከሆነ ኮርቻውን ከድሮው 10 ሚሊሜትር ከፍ አድርጉት። ይሄን ያላደረገ ሰው ጉልበቱን ያመዋል፣ ከዚያም ዘንጉን ይወቅሳል። ማጠፊያ ያለው ከሆነ ኮርቻው ወደ ኋላም ስለሚሄድ በሽቦዎቹ ላይ ትንሽ ወደ ፊት ማምጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ስለ አካባቢው ጥቂት ነገር ልበል። ላስቲክ በብርድ ይደርቃል፤ ብርዱ ከባድ በሆነበት የምትነዱ ከሆነ የብረት ሞላ ያለውን ምረጡ። ማጠፊያ ላለው ዓይነት የኋላው ጎማ የሚረጨው ጭቃ ቀጥታ መጋጠሚያው ላይ ስለሚያርፍ ለዚሁ የተሠራውን ሽፋን አልብሱት፣ ወይም ጭቃ መከላከያ ግጠሙ። እንደ አንቴና የሚገባውን በየጥቂት ወሩ ፈታችሁ ጠርጉና አዲስ ግራሶ ቀቡት። ዘንጉ ፍሬሙ ውስጥ ሲገባም ስስ ግራሶ ይፈልጋል፣ አለበለዚያ ከጊዜ በኋላ ተጣብቆ አልወጣ ይላል። ፍሬሙ ካርቦን ከሆነ ግን ግራሶ አይነካውም፣ ለካርቦን የተሠራ ቅባት አለ፤ አምራቹም እንዲህ ያለ ዘንግ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ።

ኮርቻ ስር የምታስሩት ቦርሳና የኋላ መብራትም ቦታ ይፈልጋሉ። የሚንቀሳቀሰው ክፍል ላይ ምንም አትሰሩ፣ ከስር በማይንቀሳቀሰው ላይ ይሁን። ዘንግ ላይ የሚታሰር የልጅ መቀመጫ ካላችሁ አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር አብራችሁ አትግጠሙ።

የመጀመሪያውን ጉዞ በምታውቁት መንገድ አድርጉት፣ ያን ሁሌ የሚመታችሁን ጉድጓድ ፈልጉት። ተቀምጣችሁ እለፉበት። ሞላው እስከ ታች ወርዶ ጓ ካለ ጠንከር ያለ ያስፈልጋችኋል፣ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ለስለስ ያለ። ከሁለት ሦስት ጉዞ በኋላ የኮርቻውን ብሎኖች እንደገና በልኩ አጥብቁ፣ አዲስ ዘንግ ላይ ይላላሉ።