ክፉ ወሬ ድንገት ሲመጣ እምነታችንን እንዴት እንያዝ

አንድ ስልክ ይደወላል በቃ፣ ከዛ በኋላ ምንም ነገር እንደድሮው አይሆንም። የምንወደው ሰው አርፏል፣ ወይ የምርመራ ውጤት መጥቷል፣ ወይ ስራ ቀርቷል። እኔ እንደዛ አይነት ስልክ የተደወለልኝ ቀን "አቤቱ" እንኳን ማለት አቅቶኝ ግድግዳ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ፣ እምነቴ የጠፋ መስሎኝ ነበር ግን አልጠፋም፣ ደንግጬ ነው። ያን ቀን ማን በነገረኝ ያልኩትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አልቅሱ። ክርስቲያን አያለቅስም የሚሉትን አትስሟቸው፣ ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሳው እየሄደ አልቅሷል (ዮሐንስ 11፥35)። ጳውሎስም ጭራሽ አትዘኑ አላለም፣ ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ነው ያለው።

ቀጥሎ ወሬውን እንዳለ ወደ እግዚአብሔር ይዛችሁ ሂዱ። እኔን በጣም የረዳኝ የንጉሥ ሕዝቅያስ ነገር ነው፣ የአሦር ንጉሥ የማስፈራሪያ ደብዳቤ ሲልክበት አነበበውና ወደ እግዚአብሔር ቤት ይዞት ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው (2 ነገሥት 19፥14)፣ ከዛ ዓይንህን ክፈትና እይ ብሎ ጸለየ። እናንተም የሐኪሙን ወረቀት ወይ የመጣላችሁን ሜሴጅ ፊታችሁ አስቀምጡና "ጌታ ሆይ ይሄንን እየው" በሉ። ሌላ ቃል ካልመጣ እሱ ይበቃል። ከዛም በላይ ካቃታችሁ መዝሙር 13ን (በሌላው አቆጣጠር 12ን) ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ዳዊት በሁለት ቁጥር ውስጥ 4 ጊዜ "እስከ መቼ" ይላል፣ እንደዛ ማለት ነውር ቢሆን መዝሙር ሆኖ ባልተቀመጠ።

"ለምን" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። አትፈሩት፣ የአልዓዛር እህት ማርታም ለጌታ "አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር" ብላ በፊቱ ተናግራለች እሱም አልተቆጣትም። ግን እባካችሁ መልስ አትፍጠሩለት፣ ሰው ሲፈጥርላችሁም ለመቀበል አትገደዱ። የኢዮብ ጓደኞች 7 ቀንና 7 ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ጥሩ ነበሩ፣ ነገር የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው እንጂ ያን ሁሉ ምሬት ባወጣው በኢዮብ አይደለም፣ ለኢዮብም ቢሆን ምክንያቱን አልነገረውም፣ መጥቶ አናገረው እንጂ። እኔ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ፣ ኢዮብ መልሱን ሳይሆን እግዚአብሔርን ራሱን ነው ያገኘው።

ብሉ፣ ተኙ። ኤልያስ ከዛፍ ስር ወድቆ ልሙት ሲል መልአኩ አልገሠጸውም፣ 2 ጊዜ ቀስቅሶ ብላ አለው። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ እምቢ ካለ ወይ ሞትን መመኘት ከመጣ ደግሞ በቶሎ ለሐኪምና ለቅርብ ሰው ተናገሩ፣ እምነት ማነስ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ብቻችሁን አትሁኑ። ሽባውን 4 ሰዎች ተሸክመው ጣራ ነድለው ጌታ ፊት ሲያወርዱት ወንጌሉ "እምነታቸውን አይቶ" ነው የሚለው (ማርቆስ 2)፣ ማመን ያቃተን ቀን ሌሎች ይሸከሙናል ማለት ነው። ቤተክርስቲያን መሄድ ከከበዳችሁ ከኋላ ተቀመጡ፣ ዝማሬው ከጉሮሮ አልወጣ ካለ ሌሎቹ ሲዘምሩ ስሙ።

ከቀብር በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ኑሮው ይመለሳል፣ ከባዱ ያኔ ነው። ስለዚህ ለአንድ ለምታምኑት ሰው አስቀድማችሁ "በየሳምንቱ ደውልልኝ" በሉት። እኔ እንደዛ ያልኩት ወንድም ወራቱን ሙሉ ደወለልኝ፣ አንድም ቀን ጸለይክ ወይ ብሎኝ አያውቅም፣ "ዛሬ ጸልዬልሃለሁ" ነበር የሚለኝ።