የዱር እንስሳትን ለማየት ወደ ስሜን የሚወጡበትን ወር እንዴት እንደሚመርጡ

ጎንደር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ስልክ ደውሎ የሚጠይቃት ጥያቄ አለች፦ «ስሜንን ለማየት መቼ ልምጣ?» እኛም ሳናስብ «ጥቅምት ና!» እንላለን። ጥቅምት ጥሩ ወር ነው፤ ግን ዋልያዎች ቀንድ ለቀንድ ሲጋጩ ማየት የፈለገ እንግዳ በጥቅምት ቢመጣ የሚጠብቁት ግልገሎቹ ናቸው። እንስሳቱ የየራሳቸው ቀን መቁጠሪያ አላቸው።

1. መጀመሪያ እንስሳውን ምረጡ፣ ወሩ ይከተላል

ጭላዳ፣ ማለትም ሣር በሉ የደጋ ዝንጀሮ ከሆነ አትጨነቁ፣ ዓመቱን ሙሉ አለ። ልዩነቱ አበላሉ ላይ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሣሩ ለምለም ስለሆነ መንጋው ሜዳው ላይ ተቀምጦ በሁለት ጣቱ ይነጫል፣ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፣ ሳይነሣም በመቀመጫው ፈቀቅ እያለ ወደሚቀጥለው ሣር ይሄዳል። ጥቂት ሜትሮች ርቃችሁ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ የሣሩ መበጠስ «ጥርስ፣ ጥርስ» ሲል ይሰማችኋል። የካቲትና መጋቢት ላይ ሣሩ ሲደርቅ ያው መንጋ ሥር ፍለጋ መሬት ሲቆፍር ታገኙታላችሁ። ለፎቶ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ለእኔ ግን ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ይላል፣ ጣቶቻቸው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆኑ ያኔ ነው የሚገባችሁ።

ዋልያ ከስሜን ተራሮች ውጪ በዱር የሚኖርበት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ የለም። ወንዶቹ ለሴት የሚፋለሙት በብዛት ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው። የወለዱ ሴቶችን ከግልገል ጋር ለማየት ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ይመቻል። በሁለቱም ጊዜ ቦታው ጨነቅ የሚባለው ሰፈር ነው፤ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ግን ቀስ ብላችሁ ተራመዱ።

ቀይ ቀበሮ ዕድል ይጠይቃል። ስሜን ውስጥ ያለው ቁጥሩ ጥቂት ነው። የሚበላው አይጥ ነው፤ አይጦቹ የሚወጡት መሬቱ ሲሞቅ ስለሆነ በብርዱ ወራት ማለዳ ተነሥቶ መንከራተት ብዙ አይጠቅምም። ፀሐይ ጠንከር ካለች በኋላ በግጭና በቧሂት አካባቢ ያለውን ጓሳ፣ ማለትም የደጋ ሣር፣ በዓይናችሁ አስሱ።

2. ሰማዩን አትርሱ

ዋናው ዝናብ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ነው። ከዓመታት በፊት የአጎቴን ልጅ በሐምሌ ይዤው ወጥቼ ነበር። ፓርኩ ውስጥ ባለው ማደሪያ፣ ሰንቃበር፣ ሁለት ቀን ተቀመጥን፣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሥር ሲጮኹ ሰማን፣ ጉሙ ግን የገዛ ጫማችንን እንኳ በቅጡ አላሳየንም። እሱ እስከ ዛሬ «ስሜንን ሰምቼዋለሁ» ይላል። ነገር ግን የጅንባርን ፏፏቴ በሙሉ ጉልበቱ ማየት ከፈለጋችሁ ክረምቱ እንዳለቀ፣ ከመስቀል ሰሞን ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ሂዱ። ሸለቆው አረንጓዴ፣ አየሩ የታጠበ፣ ሜዳው አበባ ነው። ወሩን እናንተ ምረጡልኝ የሚል ካለ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ እለዋለሁ።

መጋቢትና ሚያዝያ ለዋልያ ቢሆኑም አየሩ በአቧራና በጭጋግ ይደበዝዛል፣ አልፎ አልፎም ካፊያ አለ። ሣሩ ክው ብሎ ስለሚደርቅም እሳት አትጫሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በነዚሁ ወራት ፓርኩ ውስጥ የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ጓሳና አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ በልቷል።

3. ልብስ በወሩ ይለያያል

ታኅሣሥና ጥር ቀኑ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ውኃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ይገኛል። ጎንደር ከተማ የለበሳችሁት ጋቢ እዚያ አይበቃም።

4. ከጥምቀት ጋር አታጋጩት፣ ወይም አስቀድማችሁ አስቡበት

በጥር 11 ሰሞን ጎንደር አልጋ ማግኘት ፈተና ነው፤ ዋጋውም ይወደዳል። ጥምቀትንም ስሜንንም ማየት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ስሜን ወጥቶ ይመለስና ለከተራ ጎንደር ይግባ። በተቃራኒው ያደረጉት ደክሟቸው ተራራ ሲወጡ አይቻለሁ፣ አያምርም።

5. ሰዓቱን ከወሩ እኩል ያዙት

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያውን ትከፍላላችሁ፣ ስካውት፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ፣ ይመደብላችኋል፣ ከዚያ የጠጠር መንገዱ ይቀጥላል። ከጎንደር ጠዋት ተነሥታችሁ ማታ ልትመለሱ ካሰባችሁ የምትደርሱት እኩለ ቀን ላይ ነው። ጭላዳዎቹ ግን ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ወደ አፋፉ የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቃቸው ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አፋፉ ላይ ሆናችሁ ጠብቋቸው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት ደባርቅ ወይም ሰንቃበር እደሩ።

6. ተራራ የማይሆንላችሁ ከሆነ

ጎርጎራ ውረዱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሰሜኑ ዓለም ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ጣና ዳር ይሰፍራሉ፤ እነሱን ለማየት በጀልባ መዞር ይበቃል። በቋራ በኩል ያለው አልጣሽ ፓርክ አንበሳ አለው፣ ግን ሞቃት ቆላ ነውና በክረምት አይሞከርም፤ በበጋም ብቻችሁን የምትገቡበት አይደለም።

ወሩን ከመረጣችሁ በኋላ፣ ከመነሣታችሁ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ደባርቅ ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ጭነት የሚሸከም በቅሎም መኖሩን አረጋግጡ። አዝመራ ሲሰበሰብ በቅሎዎቹም አውድማ ላይ ስለሚውሉ «ነገ እንገኛለን» ብሎ መድረስ አይሠራም።