ታሪክ መጻፍ የምትፈልጉ ከጆሯችሁ ጀምሩ

«መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ ከጆሮ። የአማርኛ ታሪክ ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት በአፍ ሲነገር ነው የኖረው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን መስኮት ስንቱን ልጅ ጸጥ ያሰኙት በድምፃቸው ነበር። ያንን ይዘን ነው ወደ ብዕሩ መሄድ ያለብን።

1. መጀመሪያ ስሙ

ኪስ የምትገባ ደብተር ግዙ። ስልክም ያገለግላል፤ ግን ስልክ ሲከፈት ሌላ ነገር ይዞን ይሄዳል። ታክሲ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ለቅሶ ቤት የሰማችሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፉ። ሐሳቡን ሳይሆን አነጋገሩን። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ረዳቱን «ልጄ፣ መልሱን ተወው፤ ብቻ ሳልወርድ እንዳትሄዱብኝ» ሲሉት ሰማሁ። ዕድሜያቸውም፣ የጉልበታቸው ድካምም፣ ፍርሃታቸውም እዚያች መስመር ውስጥ አለ። እኔ ብፈጥረው እንዲህ አይመጣልኝም ነበር።

2. ከመጻፋችሁ በፊት አውሩት

ቡና ላይ ለአንድ ሰው በ3 ደቂቃ ንገሩት። «ከዛስ?» ያለበትን ቦታ ልብ በሉ። ስልኩን ያየበትንም። ታሪኩ የሚጀምረው የመጀመሪያው «ከዛስ?» ከመጣበት ነው። ከዚያ በፊት ያለውን መግቢያ ብታወጡት አይጎድልበትም።

3. ሰዓት ቁረጡ፣ ሥራ ግን አትልቀቁ

በቀን 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት። በብዕሩ ብቻ የሚተዳደር ጸሐፊ እኛ ዘንድ ጥቂት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ፤ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር።

4. ስሜቱን አትንገሩን፣ ሰውየውን አሳዩን

እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነውና። «እትዬ አልማዝ በጣም አዘኑ» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። ስህተት የለውም፤ ግን ምንም አይታየንም። አሁን ይህን እዩት፦

«እትዬ አልማዝ አቦሉን ቀዱ። ቶናውንም ቀዱ። በረካውን ረሱት። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን ሲያጠፋው ልጃቸው ሮጣ አነሳችው። እሳቸው በሩን ነበር የሚያዩት።»

«አዘኑ» የሚል ቃል የለበትም፤ ሐዘኑ ግን ቤቱን ሞልቶታል። አንባቢው ማን ይመጣል ብለው እንደሚጠብቁ ማወቅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ገጹን ይገልጣል። ረቂቃችሁን አውጡና «በጣም»፣ «እጅግ»፣ «አዘነ»፣ «ተደሰተ» ያለበትን ሁሉ አስምሩበት። ለእያንዳንዱ አንድ እጅ፣ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ድምፅ ፈልጉለት። አድካሚ ነው። ግን ጽሑፉ ነፍስ የሚዘራው እዚህ ጋ ነው።

5. ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙ ሰው ያወቀው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። የእናንተም ጽሑፍ በጆሮ ይፈተን። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይደክመዋል። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ቆርጣችሁ አራት ነጥብ አኑሩ። በስልክ ቅዱትና በነጋታው ስሙት።

6. ለሰው አድርሱት

ለሦስት ሰው ስጡ። «ቆንጆ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «የት ላይ ሰለቸህ?» በሉ። ሌብነት ፈርታችሁ መሳቢያ ውስጥ አትቆልፉት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጻፋችሁት ነገር ሳይመዘገብም የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ ጥበቃው ግን ለጽሑፉ እንጂ ለባዶ ሐሳብ አይደለም። ስለዚህ ሐሳቡን ቶሎ ጻፉት።

ማተሚያ ቤት ለመሄድ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ወጪውን የሚችለው ጸሐፊው ራሱ ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዋን ታሪክ ከ3 ገጽ አታስበልጧት። ጨርሷትና ያን ቡና ላይ «ከዛስ?» ያላችሁን ሰው ፈልጋችሁ አንብቡለት።