ሰሙን ለይቶ ወርቁን ማውጣት፦ የአማርኛን ቅኔ ለመረዳት

ቅኔን መረዳት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ድምፁን አውጥቶ ማንበብ አለበት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ፣ በወረቀት ላይ አንድ የሚመስለው ቃል በአንደበት ሁለት ሆኖ ይገኛል፤ የቅኔው ምሥጢርም ብዙ ጊዜ የሚሸሸገው እዚያ ላይ ነው። በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳርቻ ጥላ ሥር የተቀመጠ ጀማሪ፣ ለዚህ ማብራሪያ የገጠምኋቸውን እነዚህን ሁለት ስንኞች ሳያፍር ጮክ ብሎ ያንብባቸው።

ከጣና ዳር አድጌ ዘመኔ አለፈ፤
ዋናውን ሳላውቀው ጉልበቴ ሰነፈ።

በመጀመሪያ ምቱን ይቁጠር። የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን ቀለሙ፣ ማለትም በጆሮ የሚለየው የድምፅ ክፍል ነው፤ «ዳር» በጽሕፈት ሁለት ፊደል ቢሆንም መጨረሻው አናባቢ የሌለው ሳድስ ስለሆነ በጆሮ አንድ ነው። «ከጣና ዳር አድጌ» 6፣ «ዘመኔ አለፈ» 6 ቀለም ስላላቸው ስንኙ በ12 ይሞላል፤ ይህ ምት የወል ቤት ይባላል። ሰንጎ መገን የተባለው ሌላው ምት ግን 5 በ5 ይሄዳል።

ከዚያ ኅብረ ቃሉን፣ ማለትም ሰሙን (ግልጹን ፍቺ) እና ወርቁን (የተሸሸገውን ፍቺ) አንድ ላይ የያዘውን ቃል ይፈልግ። ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። «ዋናውን» ላልቶ ሲነበብ፣ ከውኃ ዳር አድጎ መዋኘት ሳይማር ያረጀ ሰው ይታያል፤ ይህ ሰሙ ነው። ጠብቆ ሲነበብ፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ጉዳይ ሳያውቅ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ይናገራል፤ ይህ ወርቁ ነው። ስያሜው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው፤ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ከሸፈነው በኋላ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ስለዚህ የተገኘው ፍቺ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው፣ የቀረው ስንኝ ሁሉ ለሁለቱም ትርጉም ልክ ሆኖ ሲቆም ብቻ ነው። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ስላለው ብቻ ኅብረ ቃል አይባልም። እዚህ ላይ «ጉልበቴ» ለዋናተኛው ኃይሉ ነው፤ ስንኙ በዘጌ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቢነገር ደግሞ ለስግደት መታጠፍ ያቃተው ጉልበት ይሆንና ወርቁ ወደ ንስሐ ያዘነብላል። ቅኔው የት፣ ለማን፣ በምን ምክንያት እንደተነገረ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኅብረ ቃሉ ተፈልጎ ከታጣ ቅኔው ውስጠ ወይራ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ምሥጢሩ በአንድ ቃል ላይ ሳይሆን በንግግሩ ሁሉ ውስጥ ተሸፍኗል።

የግእዙ ቅኔ የራሱ ሥርዓት አለው። ከቅኔው ዓይነቶች ጉባኤ ቃና 2፣ ዘአምላኪየ 3፣ መወድስ 8 ቤት (ስንኝ) አላቸው፤ እንደ ዋሸራ ባሉት የጎጃም ጉባኤ ቤቶች (የቅኔ ትምህርት ቤቶች)ም ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየደረጃው ያድጋል። ግእዝ የማያውቅ አድማጭ በማኅሌት የሰማውን ብቻውን ለመፍታት ከመድከም ይልቅ፣ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ወደ መምህሩ ቀርቦ «የኔታ፣ ምሥጢሩን ይንገሩኝ» ቢል ይሻለዋል።