ለቤት አያያዝ መጽሐፍ ትንንሽ ካርቱን ስትስሉ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው

የተሳሳተውን ድርጊት ብቻ መሳል። ከዚህ እጀምራለሁ፤ ይሄኛው ስህተት ሰው ያቃጥላል።

ጽሑፉ «ዘይት በእሳት ከተያያዘ ውሃ አትድፉበት፤ ጋዙን ዝጉ፣ ድስቱን ክደኑ» ይላል። ሠዓሊው ግን በጆግ ውሃ የምትደፋ ሴትና ጣሪያ የነካ እሳት ይስላል። አዎ፣ ያስቃል። ግን እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አይነበብም። ሰው ይገልጣል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ያልፋል። ማንበብ የማይችል ሰውማ ሥዕሉን ብቻ ነው የሚያየው። ታዲያ ጭንቅላቱ ውስጥ የምትቀረው ውሃ የምትደፋዋ ሴትዮ ናት። ውሃው ደግሞ ከጋለው ዘይት ስር ገብቶ ባንዴ ይተናል። 1 ሊትር ውሃ ወደ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል፤ የሚነደውን ዘይት ፊት ላይ ይረጨዋል። መሳል ያለበት ክዳኑን የያዘው እጅ ነው!

አንድ ጀማሪ «እንደዚህማ ከሆነ ድርቅ ይላል» ብሎ ተከራከረኝ። በኋላ ክዳኑ ስር ታፍኖ ጉንጩን የነፋ እሳት ስሎ መጣ። ቀልዱም አለ፣ ምክሩም አለ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ስህተቱን ማሳየት የግድ ከሆነ ትክክለኛውን አጠገቡ በእኩል መጠን ሳሉ፤ ስህተቱ ላይ ወፍራም የኤክስ ምልክት አድርጉበት። በተለይ በረኪናና ኮምጣጤ ላይ ተጠንቀቁ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠርሙሶቹን ዝም ብላችሁ ጎን ለጎን ካስቀመጣችኋቸው ግን አንባቢው «ቀላቅል» የተባለ ይመስለዋል።

ቀርባችሁ ያላያችሁትን ሥራ አትሳሉ። የእንጀራ ሊጥ ከምጣዱ መሃል ሲፈስ የሚያሳይ ሥዕል ስንቴ አይቻለሁ። ሊጡ የሚፈሰው ከዳር ጀምሮ፣ እየዞረ ወደ መሃል ነው። አክንባሎ የሌለው ምጣድ፣ ያለ ማቶት የቆመ ጀበናም እንደዚሁ። እንጀራ የምትጋግር እናት አንዴ ካየችው ምክሩንም አታምነውም። ስለዚህ ምስል ከኢንተርኔት ከመልቀም ጓዳ ገብታችሁ ቁጭ በሉ። ጠይቁ፤ ማንም አይቆጣችሁም።

ሥዕል አታገላብጡ። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው ገጹን የሚያቀናጀው ሰው ነው፤ ፊቱ ወደ ጽሑፉ እንዲዞር ብሎ። በቀኝ እጇ ታጎርስ የነበረችው ሴት ባንዴ በግራዋ አጉራሽ ትሆናለች። እንዳይገለበጥ ቀድማችሁ ንገሩት።

መጠን። ታብሌት ላይ አጉልታችሁ ስትስሉ የምስር ፍሬው እንኳ አንድ በአንድ ይታያል። መጽሐፉ ግን ኤ5 ነው፤ 148 በ210 ሚሊ ሜትር። ለእናንተ የሚደርሳችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ፖይንት በሚባለው የኅትመት መለኪያ ከ0.25 የቀጠነ መስመር ኅትመት ላይ ይጠፋል። በእጥፍ መጠን የምትስሉ ከሆነ ሥዕሉ ሲያንስ መስመሩም በግማሽ እንደሚቀጥን አስቡ። በትክክለኛው መጠኑ ተራ ወረቀት ላይ አትማችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩት። ሰውየው ምን እየሠራ እንደሆነ ካልታወቀ ዕቃ ቀንሱ፣ እጁን አተልቁ።

ሥዕሉ ውስጥ በእጅ ፊደል አትጻፉ። ሲያንስ «ቸ» እና «ች» አይለዩም። ጽሑፉ ለብቻው ይግባ።

ጥቁሩ መስመር ንጹሕ ጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን። ከአራት ቀለም የተቀላቀለ ጥቁር ማተሚያ ቤት ውስጥ ትንሽ ዝንፍ ካለ ዳሩ ይደበዝዛል።

ወንዱንም ሳህን ሲያጥብ ሳሉት፤ ቤቱ የእሱም ነው።

በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ ፎቶውን ያሳንሰዋል። ዋናውን ፋይል አታጥፉ። ሁለተኛ እትም ሲመጣ አሳታሚው የሚደውለው ለእናንተ ነው።